መብራት ሄዶ ሲመጣ ዳታቤዙ አልነሳ ካለ፦ የሂዩጅ ፔጅ ችግርና መፍትሄ

ኮምቦልቻም ሆነ ደሴ ሰርቨር የሚጠብቅ ሰው ይህን ያውቀዋል። መብራት ይሄዳል፣ ዩፒኤሱ ይደክማል። መብራት ሲመለስ ሊኑክሱ ይነሳል፤ ያለ ሂዩጅ ፔጅ (ከተለመደው 4 ኪሎባይት ይልቅ 2 ሜጋባይት የሆነ ትልቅ የሜሞሪ ቁራጭ) እንዳይነሳ የታዘዘ ፖስትግሬስ ዳታቤዝ ግን ሜሞሪ አጣሁ ብሎ ይቆማል። ራሙን ማንም አልነካውም።

ምክንያት፦ ሂዩጅ ፔጆቹ የተመደቡት የከርነሉን (የሊኑክስን እምብርት) ቅንብር በሚቀይረው በ«ሲስሲቲኤል» ትእዛዝ ብቻ ነው፤ ማሽኑ ሲጠፋ አብረው ይጠፋሉ። «ፕሮክ» ስር ያለውን «ሜምኢንፎ» ከፍተው «ሂዩጅፔጅስ ቶታል» 0 ካሳየ ሌላ ቦታ አይፈልጉ።

መፍትሄ፦ «ኢቲሲ» ስር ባለው «ሲስሲቲኤል.ዲ» ፎልደር ፋይል ከፍተው «ቪኤም.ኤንአር_ሂዩጅፔጅስ»ን ከነቁጥሩ ይጻፉ። ቁጥሩ ላይ ብዙ ሰው ይስታል። 8 ጊጋባይት ሼርድ በፈር (ፖስትግሬስ ዳታ የሚያቆይበት የጋራ ሜሞሪ) ለ2 ሜጋባይት ሲካፈል 4,096 ይሆናል፤ ፖስትግሬስ ግን ከበፈሩ ውጭም የጋራ ሜሞሪ ስለሚይዝ 4,096 አይበቃውም። ከቨርዥን 15 ወዲህ ግምት አያስፈልግም፤ ሰርቪሱን አቁመው «ሼርድ_ሜሞሪ_ሳይዝ_ኢን_ሂዩጅ_ፔጅስ» ስንት እንደሆነ ራሱን ፖስትግሬስን ይጠይቁት። በሚሰጥዎት ላይ ትንሽ ጨምረው ይመድቡ።

ዳታቤዙ ተነስቶ በ«ሜምኢንፎ» ላይ የሂዩጅ ፔጅ «ፍሪ» ከ«ቶታል» ጋር እኩል፣ «ሪዘርቭድ» ደግሞ 0 ከሆነስ? ፔጆቹን ማንም አልወሰዳቸውም ማለት ነው። የ«ሂዩጅ_ፔጅስ» መነሻ ቅንብር «ትራይ» ነው፤ ፔጅ ሲያንሰው ዝም ብሎ ወደ 4 ኪሎባይቱ ይመለሳል። «ኦን» ያድርጉት፤ ሳይናገር ከሚያዘግም እምቢ ብሎ የሚቆም ይሻላል። («ፍሪ» በዝቶ «ሪዘርቭድ»ም ካለ ጤነኛ ነው፤ ተይዞ ገና ያልተነካ ነው።)

4,300 ጽፈው 3,100 ብቻ ቢያገኙ ሜሞሪው ተበጣጥሷል። አንዱ ፔጅ ያልተቆራረጠ 2 ሜጋባይት ይፈልጋል፤ ለወራት ሳይጠፋ በቆየ ማሽን ላይ ያ አይገኝም። ፋይሉ ላይ ጽፈው ሪስታርት ያድርጉ፤ ለ1 ጊጋባይት ፔጅ ግን ከርነሉ ሲነሳ በሚቀበለው መስመር ላይ መጻፍ ነው የሚያዋጣው።

ዳታቤዙ ኦራክል ከሆነ ሁለት ነገር ይመልከቱ። «ሜሞሪ_ታርጌት» የተባለው ቅንብር ካለ ሂዩጅ ፔጅ አይሠራም፤ አጥፍተው በ«ኤስጂኤ_ታርጌት» ይተኩት (ኤስጂኤ የኦራክል የጋራ ሜሞሪ ነው)። «ሜምሎክ» (ፕሮግራሙ ራም ላይ ሊቆልፍ የሚፈቀድለት መጠን) የሚቆጠረው በኪሎባይት ነው፤ ለ16 ጊጋባይት ኤስጂኤ ቢያንስ 16,777,216 ይግባ።

ዳታቤዙ ደህና ሆኖ ሌሎች ፕሮግራሞች እየተገደሉ ከሆነ አብዝተው መድበዋል። ከ32 ጊጋባይት ራም 12,000 ፔጅ ሲቆረጥ 23.4 ጊጋባይት ገደማ ይታሰራል፤ ባዶም ቢሆን ለሌላ አይሰጥም፣ ወደ ስዋፕም (ዲስክ ላይ ወዳለው የሜሞሪ ማራዘሚያ) አይወጣም። ቁጥሩን ዝቅ ያድርጉ፤ ያልተያዙት ፔጆች ሪስታርት ሳያስፈልግ ወዲያው ይለቀቃሉ።