ሲኤንሲው ሲያስቸግራችሁ ሞተሩን ከመፍታታችሁ በፊት

አዳማ ባለችው ትንሽ የእንጨት ሥራ ቤታችን የአልጋ ራስጌና የበር ጌጥ የምንቀርጸው በአንዲት ሲኤንሲ (በኮምፒውተር የሚታዘዝ መቅረጫ ማሽን) ነው። ከወራት በፊት አንድ ሳምንት ሙሉ የምንቀርጸው አበባ መሃል ላይ እየተንሸራተተ ሥራ አበላሸብን። ሞተር ፈታን፣ ኬብል ቀየርን፣ ያልነካነው ብሎን የለም። ለካ ጥፋቱ ሴቲንግ ውስጥ ያለች አንዲት ቁጥር ኖራለች። ከማሽኑ ጋር የመጣችው መመሪያ ደግሞ ስለዚህ አንድም ቃል አትልም። ይሄ ነው እስካሁን የሚያናድደኝ። እኛ ላይ የደረሰው ሌላ ሰው ላይ እንዳይደርስ ያገኘነውን ልጻፍ። የምጽፈው ጂአርቢኤል 1.1 (GRBL፣ ማሽኑን የሚያዝዘው ሶፍትዌር) በአርዱይኖ ኡኖ (ትንሽ መቆጣጠሪያ ቦርድ) ላይ ለሚሠራባቸው ማሽኖች ነው።

ቅርጹ መሃል ላይ ይንሸራተታል

ምልክቱ፦ እስከ ግማሽ የተቀረጸው ልክ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው ሁለት ሦስት ሚሊሜትር ወደ ጎን ሄዷል። ኤረር የለም፤ ፕሮግራሙም ሥራውን በሰላም እንደጨረሰ ነው የሚነግራችሁ።

ምክንያቱ፦ ጂአርቢኤል ሞተሩ የት እንደደረሰ አያይም። "ይህን ያህል እርምጃ ሂድ" ብሎ ይልካል፣ መሄዱን ግን አያረጋግጥም። ያቺ ቦርድ ደግሞ እርምጃ በትክክል የምትልከው በሰከንድ እስከ 30 ሺህ ገደማ ነው። የእኛን ሂሳብ እዩት። ሞተሩ በአንድ ዙር 200 እርምጃ አለው፣ ድራይቨሩ (ሞተሩን የሚነዳው ሰሌዳ) እያንዳንዱን 16 ቦታ ይከፍለዋል፣ ጥርሳሙ ዘንግ በአንድ ዙር 2 ሚሊሜትር ይገፋል። ስለዚህ ለአንድ ሚሊሜትር 1600 እርምጃ ያስፈልጋል። 30 ሺህን ለ1600 ስናካፍል በሰከንድ 18.75 ሚሊሜትር፣ በደቂቃ 1125 ይመጣል። እኛ ከፍተኛው ፍጥነት በሚጻፍበት ሴቲንግ፣ በ$110 ላይ፣ ጽፈን የነበረው 2000 ነው። በሰከንድ ከ53 ሺህ በላይ እርምጃ ስንጠይቃት ኖረናል ማለት ነው!

መፍትሄው፦ የራሳችሁን ማሽን ሂሳብ ሥሩና $110ን (ለኤክስ) እና $111ን (ለዋይ) ከጣሪያው በታች አድርጉ። እኛ 900 ላይ አቆምነው። ፍጥነቱ ካነሰባችሁ ድራይቨሩን ከ16 ወደ 8 አውርዱት፣ ለአንድ ሚሊሜትር የሚያስፈልገው እርምጃ የሚጻፍባቸውን $100 እና $101ንም በግማሽ ቀንሱ። ይህቺን ከረሳችሁ ማሽኑ እጥፍ ርቀት ይሄድና ቢቱን (መቅረጫ ብረቱን) ይሰብርባችኋል። አሁንም ከተንሸራተተ ሞተሩ አቅም አጥሮት ሊሆን ይችላል፤ በ$120 እና በ$121 ያለውን አክሰለሬሽን ቀንሱለት።

ስፒንድሉ (ቢቱን የሚያዞረው ሞተር) ይዞራል፣ ማሽኑ ግን ንቅንቅ አይልም

እኛ ተበላሸ ብለን ተቀመጥን። ቡና ተፈልቶ ሦስተኛው ሲቀዳ ማሽኑ ራሱ ተነስቶ መቅረጽ ጀመረ። ፋይሉን ከፍተን ስናየው ጂ4 ፒ2000 የሚል መስመር አለው። አንዳንድ ሌሎች መቆጣጠሪያዎች ከ"ፒ" በኋላ ያለውን ቁጥር በሚሊሰከንድ ያነቡታል፣ ለእነሱ 2 ሰከንድ ጠብቅ ማለት ነው። ጂአርቢኤል ግን በሰከንድ ነው የሚያነበው፤ 2000 ሰከንድ ከ33 ደቂቃ በላይ ነው። ጂ4 ፒ2 ብላችሁ አስተካክሉት። መስመሩን ጨርሶ አታጥፉት፣ ጂአርቢኤል ስፒንድሉ ሙሉ ፍጥነት እስኪደርስ በራሱ አይጠብቅም።

ኤረር 20

ትእዛዙን አላውቀውም ማለቱ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ጂ81 የመብሻ ዙር ወይም ኤም6 የቢት መቀየሪያ ነው። ፋይሉን ስታወጡ ጂአርቢኤል የሚለውን ፖስት ፕሮሰሰር (ንድፉን ማሽኑ ወደሚያነበው ትእዛዝ የሚቀይረውን) ምረጡ፣ ለእያንዳንዱ ቢትም የየራሱን ፋይል አውጡ። አንድ ነገር አደራ፦ አንዳንድ መላኪያ ፕሮግራም ኤረርን ዝለል የሚል ምርጫ አለው። አትንኩት። ኤም6 ከተዘለለ ማሽኑ በወፍራሙ ቢት የቀጭኑን ሥራ ይጀምራል።

መብራት ሄዶ ሲመለስ ዜሮው የለም

ቦርዷ መብራት ሲሄድ ያለችበትን ቦታ ትረሳለች። ይህ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። ዜሮውን (የሥራውን መነሻ ነጥብ) በጂ92 ያዛችሁት ከሆነ እሱም አብሮ ይጠፋል፤ አንዳንድ ፕሮግራም ላይ ያለው የዜሮ ቁልፍ ሳይነግራችሁ የሚጠቀመው ይህንኑ ነው። በጂ10 ኤል20 ፒ1 ኤክስ0 ዋይ0 (G10 L20 P1 X0 Y0) ያዙት። ይህ ቦርዱ ላይ ተጽፎ ይቀመጣል። መብራት ሲመለስ መጀመሪያ $ኤች ($H) ብላችሁ ማሽኑን ወደ ቤቱ መልሱት፣ ከዚያ ዜሮው የነበረበት ቦታ ይገኛል።

የሆሚንግ ስዊች (ማሽኑ ወደ ቤቱ ሲመለስ የሚነካው ስዊች) የሌላችሁ ደግሞ ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት ዜሮው ላይ በቀጭን ቢት አንዲት ነጥብ ብሱ። ከጣውላው ትርፍ ላይ ይሁን። መብራት ሲመጣ የቢቱን ጫፍ እዚያች ቀዳዳ ላይ አውርዳችሁ እንደገና ዜሮ ትይዛላችሁ።

ስዊች ያላችሁ በየጠዋቱ በብሩሽ ጥረጉት። የአዳማ ንፋስ የሚያስገባው አቧራ ከእንጨቱ ብናኝ ጋር ተደባልቆ ስዊቹን እንደተጫነ ያስቀረዋል። ያኔ ሆሚንግ ላይ አላርም 8 ካያችሁ ሴቲንግ አትነካኩ፣ መጀመሪያ ብሩሹን አንሱ።