ለሁሉም አንድ የጤና መድን፦ ወጪና ቁጠባው ሲሰላ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

አሜሪካ ሁሉንም ዜጋ በአንድ የመንግሥት የጤና መድን ሥር ብታስገባ ይበጃታል ብዬ አምናለሁ። ግን ወጪና ቁጠባው ሲነሳ ደጋፊውም ተቃዋሚውም ሂሳቡን ያጣምመዋል። ይህ ያሳስበኛል።

ትልቁ ስህተት የመንግሥትን ወጪ የአገር ወጪ አድርጎ መቁጠር ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ቻርልስ ብላሁስ የተባሉ ተመራማሪ ሴናተር በርኒ ሳንደርስ ሁሉንም በአንድ የመንግሥት መድን ሥር ለማስገባት ያቀረቡትን ዕቅድ አስልተው፣ የፌዴራል መንግሥቱ ወጪ በ10 ዓመት 32.6 ትሪሊዮን ዶላር ያህል ይጨምራል አሉ። ቁጥሩ አገር ምድሩን አዳረሰ። እዚያው ጥናት ውስጥ ግን ሌላም ነገር አለ። ዕቅዱ እንደተጻፈው ከተፈጸመ መንግሥት፣ አሠሪና ቤተሰብ በጠቅላላ የሚያወጡት በ2 ትሪሊዮን ገደማ ይቀንሳል። ሁለቱ አይጋጩም። ለግል መድን ይከፈል የነበረው አረቦን ቀርቶ በግብር ይሰበሰባል ማለት ነው። ስለዚህ «ግብሬ ስንት ይጨምራል?» ብለው ሲጠይቁ ከደሞዝዎ የሚቆረጠውን አረቦን፣ አሠሪው የሚጨምረውንና ከኪስዎ የሚወጣውንም አብረው ያስሉ።

ደጋፊዎች ደግሞ ያንን 2 ትሪሊዮን እንደተረጋገጠ ቁጠባ ያወሩታል። ብላሁስ ራሳቸው ይጠራጠሩታል፤ ሆስፒታሎች ሜዲኬር (በዋናነት የአረጋውያን የመንግሥት የጤና መድን) በሚከፍለው ዋጋ ይሠራሉ ከሚል ግምት የመጣ ነውና። ሜዲኬር የሚከፍለው ከግል መድን በብዙ ያነሰ ነው። ዋጋው በጣም ከወረደ አንዳንድ ሆስፒታል ይንገዳገዳል፤ ከፍ ከተደረገ ቁጠባው ይበናል። የኮንግረሱ የበጀት ቢሮ በ2020 አምስት አማራጮችን አስልቶ ነበር። በ2030 የአገሪቱ የጤና ወጪ ከ0.7 ትሪሊዮን ዶላር ቅናሽ እስከ 0.3 ትሪሊዮን ጭማሪ ሊደርስ ይችላል አለ። ልዩነቱን ከፈጠሩት አንዱ ይኸው የክፍያ ዋጋ ነው።

የወረቀት ሥራ ሲቀንስ ይገኛል የሚባለው ቁጠባስ? እሱ እውነት ነው። ሆስፒታሎች ከብዙ መድን ድርጅቶች ጋር ሂሳብ ለመጨቃጨቅ ብቻ ብዙ ሰው ይቀጥራሉ። ግን ቁጠባው አንዴ ይገኛል እንጂ በየዓመቱ እየጨመረ የሚሄደውን የሕክምና ወጪ አያስቆምም። ሥራቸውን ለሚያጡት ሠራተኞች የሚያስፈልገው ድጋፍም ሂሳቡ ውስጥ መግባት አለበት።

ሕክምና ነፃ ሲሆን ሰው ብዙ ይታከማል የሚለውን መካድም ስህተት ነው። አዎ፣ ይታከማል። ገንዘብ አጥቶ ሕመሙን ችሎ የተቀመጠ ሰው ሐኪም ጋ ይሄዳል። ይህ ወጪ ነው፤ የለውጡም ዓላማ እሱ ነው። ሐኪምና አልጋ ግን ባንድ ጊዜ አይጨምርም፤ ወረፋ ሊመጣ እንደሚችል አስቀድሞ መናገር ይሻላል።

ሆስፒታሎች ሁሉ ይወረሳሉ ብሎ ማሰብም አያስፈልግም። በካናዳ አብዛኞቹ ሐኪሞች የግል ባለሙያዎች ናቸው፤ መንግሥት ከፋይ ነው።

የመጨረሻው ስህተት የግብሩን ጉዳይ ለኋላ ማቆየት ነው። የአሜሪካ ግዛት የሆነችው ቬርሞንት በ2011 እንዲህ ያለ መድን የሚያቋቁም ሕግ አጸደቀች፤ ገንዘቡ ከየት ይመጣል የሚለው ግን ሳይወሰን ቀረ። በ2014 መጨረሻ አገረ ገዢው ፒተር ሸምሊን ቁጥሩን ይፋ አደረጉ፦ በአሠሪዎች ላይ 11.5 በመቶ የደሞዝ ግብር፣ በቤተሰብ ላይ እንደ ገቢው እስከ 9.5 በመቶ። ዕቅዱንም እንደማይገፉበት አብረው አስታወቁ። ቁጥሩ ከአረቦኑ ጎን ተቀምጦ ከመጀመሪያው ቢነገር ኖሮ፣ የቬርሞንት ሕዝብ ቢያንስ በሙሉ ሂሳብ ላይ ይከራከር ነበር።