ስምህን ጽፈህ ግባ፦ ጥልፍ ለሚወድ ወንድ ስለ ስጦታ ልውውጥ

«ስምሽን፣ የምትወጂውን ቀለምና አድራሻሽን ላኪልኝ።» የመጀመሪያው የጥልፍ ስጦታ ልውውጥ ጥሪ የደረሰኝ እንዲህ ተብሎ ተጽፎ ነው። ሦስት ጊዜ ደጋግሜ አነበብኩት። ቀን ሞተር ስፈታና ስገጥም እውላለሁ፤ ማታ ቤተሰቡ ሲተኛ መብራት ስር ቁጭ ብዬ እጠልፋለሁ። ሰባት ዓመት እንዲሁ አለፈ። የጠለፍኩት ሁሉ ተጠቅልሎ መሳቢያ ይገባል፣ ግማሹም ሳያልቅ ይቀራል። ጥሪውን የላከችልኝ ታላቅ እህቴ ናት። መጀመሪያ መርፌ ያስያዘችኝም እሷ ናት፤ እግሬ ተሰብሮ ሁለት ወር በተኛሁ ጊዜ «እጅህ ሥራ ከፈታ አንተን ማን ይችልሃል?» ብላ ጨርቅና ክር አልጋዬ ላይ አስቀመጠችልኝ።

ስሜን ጻፍኩና ከሥሩ «ወንድ ነኝ፣ ይቻላል?» ብዬ ጨመርኩ። አስተባባሪዋ በአንድ መስመር መለሰችልኝ፦ «ቀኑን አታሳልፍ እንጂ ይቻላል።»

መልሷ ምን እንደያዘ የገባኝ ቆይቶ ነው። መሳቢያዬ ውስጥ የተከማቹት ሥራዎች ያላለቁት ጊዜ አጥቼ አልነበረም፤ የሚጠብቃቸው ሰው ስላልነበረ ነው። የሚጠብቅ ሰውና የተቆረጠ ቀን ሲኖር እጅ ሌላ ዓይነት ይሠራል። ስለዚህ ብቻህን የምትጠልፍ ከሆነ ልውውጥ ውስጥ ግባ እልሃለሁ። ከዚያ ወዲህ አምስት ልውውጥ ውስጥ ገብቻለሁ፣ ሁለቱን ራሴ አስተባብሬያለሁ። ጽሑፉን በ«አንተ» የጻፍኩት የጥልፍ መመሪያ ሁሉ «ክሩን ሳቢ፣ ጨርቁን ወጥሪ» ሲለኝ ስለኖረ ነው፤ እህቶቼም ብታነቡት የሚጠቅማችሁ አታጡም።

ዕጣውና ደንቡ

አካሄዱ ቀላል ነው። ስም ይሰበሰባል፣ ዕጣ ይወጣል፣ እያንዳንዱ ለደረሰው ሰው በእጁ የጠለፈውን ይልካል። ሰዎችን ሁለት ሁለት አድርጎ ማጣመር ይቻላል፤ እኔ ለአንተ፣ አንተ ለእኔ። ወይም ክብ ይሠራል፦ እኔ ለአንተ፣ አንተ ለሦስተኛው፣ የመጨረሻው ሰው ለእኔ። እኔ ሁልጊዜ ክቡን እመርጣለሁ። በጥንድ ሲሆን አንዱ ከዘገየ ሌላው «እሱ ሳይልክ እኔ ለምን?» ማለት ይጀምራል። በክቡ ግን የምትልክለትና የሚልክልህ ሰው የተለያዩ ናቸው፤ ቂም የሚያያዝበት ቦታ የለም። አንድ ሰው ቢያቋርጥም ስጦታ የሚቀርበት አንድ ሰው ብቻ ነው። ለዚያ ሰው አስተባባሪው ከወዲሁ አንድ ትንሽ ሥራ ጨርሶ ያስቀምጣል። እኔ ሁለቱንም ጊዜ አስቀምጬ ነበር፤ በሁለተኛው አስፈልጓል።

የሥራው መጠን፣ ለዕቃ የሚወጣው ገንዘብ ጣሪያና ቀኑ በጽሑፍ ይሁኑ። 10 በ10 ሳንቲሜትር ለጀማሪም ለሚችልም ይበቃል። ቀን ስትቆርጥ የሚላክበትን ቁረጥ፤ የሚደርስበት ቀን በላኪው እጅ አይደለምና። ሁለት ወር ደህና ጊዜ ነው። ሠላሳኛው ቀን ላይ ሁሉም ሥራው የደረሰበትን ፎቶ አንስቶ ለአስተባባሪው ብቻ ይላክ፤ የሚያቋርጥ ሰው ያኔ ይታወቃል። ጥሪውን የምትጽፈው አንተ ከሆንክ ደግሞ «ስማችሁን ላኩ» በል። ብዙ ቁጥሩ ወንድ ሴት አይለይም፤ ማንም ደጅ አይቀርም።

ለደረሰህ ሰው በአስተባባሪው በኩል ጥያቄ ላክ። «የምትወደው ቀለም ምንድን ነው?» ብትል ግማሹን ቀለም ይዘረዝርልሃል። የማይወደውን ጠይቅ። ሥራውን የት ሊያስቀምጠው እንደሚያስብና ቀኑን በምን እንደሚያሳልፍም ጠይቅ። ለእኔ መጀመሪያ የደረሱኝ ጡረታ የወጡ የሒሳብ አስተማሪ ነበሩ። ብርቱካናማ አይወዱም፣ የሚያስቀምጡት የንባብ ጠረጴዛቸው ላይ ነው። ኮምፓስና ሦስት ማዕዘን በሰማያዊ ጠለፍኩላቸው። ወንድ ስለሆንክ መልህቅና መኪና መጥለፍ የለብህም፤ አበባ የሚወድ ሰው ከደረሰህ አበባውን አሳምረህ ሥራ።

ጊዜህን በመርፌ ቁጠር

ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው። በጣም የሚያምር፣ በጣም ትልቅ ንድፍ ይመርጣል፤ ቀኑ ሲደርስ ግማሽ ይዞ ይቀራል። ከመጀመርህ በፊት አስላ። ለክሮስ ስቲች፣ ማለትም በትንንሽ መስቀሎች ለሚሞላው ጥልፍ፣ በብዛት የሚያዘው 14 ቁጥር የሚባለው አይዳ ጨርቅ (ቀዳዳዎቹ በእኩል ርቀት የተሸመኑ ነው) በ2.54 ሳንቲሜትር ውስጥ 14 ቀዳዳ ያለው ነው። ንድፍህ 56 በ56 ከሆነ ስፋቱ 10 ሳንቲሜትር ገደማ ይሆናል፤ ቦታው ሁሉ የሚሞላ ከሆነ 3,136 መስቀል ነው። እኔ ሳልቸኩል በሰዓት 120 ያህል እጠልፋለሁ፤ ስለዚህ 26 ሰዓት ይፈጅብኛል። በየማታው አንድ ሰዓት ብቀመጥ 26 ማታ ማለት ነው። ግን እንግዳ ይመጣል፣ ዓይን ይደክማል፣ ስህተት ይፈታል። እጥፍ አድርገው፤ 52 ማታ። ሁለት ወሩ እዚያው አለቀ። ስለዚህ በሥዕሉ ዙሪያ ባዶ ጨርቅ የሚቀርበት፣ ግማሽ ያህሉ ብቻ የሚጠለፍ ንድፍ ምረጥ። የራስህን ፍጥነት ለማወቅ አንድ ማታ ሰዓት ይዘህ ቁጠር።

ጨርቁን ስትቆርጥ በአራቱም ጎን 8 ሳንቲሜትር ያህል ትርፍ ተው። ለ10 ሳንቲሜትር ሥራ 26 በ26 መሆኑ ነው። ትርፍ ያጣ ሥራ ፍሬም ውስጥ የሚወጠርበት የለውም።

ክሩና እጅህ

ዲኤምሲ የሚባለው ኩባንያ የሚሠራው የጥልፍ ክር አንዱ ጥቅል 8 ሜትር ነው፣ ስድስት ነጠላም አለው። በ14 ቁጥር ጨርቅ ላይ የምትሠራው በሁለት ነጠላ ነው። ነጠላዎቹን አንድ ላይ አትጎትታቸው፤ ይወሳሰባሉ። አንዱን ጫፍ ያዝና ቀጥ አድርገህ ወደ ላይ ሳብ። ቀሪዎቹ አምስቱ እንደ ሹራብ እጅጌ ይሰበሰባሉ፣ ነጠላው ሲወጣ መልሰው ይዘረጋሉ። ከአንድ ክንድ በላይ ረጅም ክር አትጠቀም፤ ጨርቁ ውስጥ በተመላለሰ ቁጥር ይላጫል።

አጀማመሩን ቀስ ብለህ ተመልከት፤ ስጦታን ከልምምድ የሚለየው ይህ ነው። አንድ ነጠላ ክር 90 ሳንቲሜትር ቁረጥ። ለሁለት እጠፈው። ሁለቱን ጫፎች አንድ ላይ በመርፌው ዓይን አስገባ፤ የታጠፈው ጫፍ በጅራቱ በኩል እንደ ቀለበት ይቀራል። ከጨርቁ ጀርባ ወደ ፊት ውጣ፣ ግን ቀለበቱን ከኋላ አስቀረው። የመስቀሉን ግማሽ ሠርተህ ወደ ጀርባ ስትመለስ መርፌውን በቀለበቱ ውስጥ አሳልፍና ሳብ። ክሩ ራሱን ያዘ፤ ቋጠሮ የለም። ስትጨርስም አትቋጥር። ከኋላ አራት አምስት ስፌት ስር መርፌውን አሹልከህ ቁረጥ። ቋጠሮ ሥራው ሲወጠር ከፊት ጉብ ብሎ ይታያል። የሁሉም መስቀሎች የላይኛው እግር ወደ አንድ አቅጣጫ ያጋድል፤ አንዱ ከተሳሳተ ብርሃን ሲያርፍበት ያስታውቃል። ክሩ ሲጠማዘዝ መርፌውን ልቀቀው፤ ተንጠልጥሎ ራሱ ይፈታል።

መርፌው ጫፉ ደነዝ የሆነ 24 ቁጥር ይሁን። ስለታም መርፌ አይዳ ላይ ክሩን ይሰነጥቃል፤ እሱ ለተራ ጨርቅ ነው።

በእጁ ከባድ ሥራ ለሚሠራ ሰው አንድ ነገር ልጨምር። የሻከረ ጣት ክር ይይዛል፣ ያበላሻል። እኔ ማታ ማታ ቫዝሊን ተቀብቼ አድራለሁ፤ መርፌ ከመያዜ በፊት ግን በሳሙናና በጥፍር ብሩሽ ሁለት ጊዜ እታጠባለሁ፣ ቅባት ጨርቅ ላይ እንዳይቀር። አውራ ጣቴ በሚያርፍበት በኩል መወጠሪያ ቀለበቱ ላይ ነጭ መሀረብ እጠቀልላለሁ። ቀለበቱን ማታ ሳልፈታው አላድርም፤ ካደረ የማይለቅ ክብ ምልክት ይተዋል። ጥቁር ጨርቅ ላይ ስትሠራ ጭንህ ላይ ነጭ ጨርቅ ዘርጋ፤ ቀዳዳዎቹ ቁልጭ ብለው ይታዩሃል።

ካውያ ከመያዝህ በፊት

የእኚያን የሒሳብ አስተማሪ ሥራ ለመላክ አምስት ቀን ሲቀረው ጨረስኩ። የኮምፓሱን መስመር መጀመሪያ የሣልኩት በውሃ በሚጠፋ ሰማያዊ እስክሪብቶ ነበር። ደስታ አስቸኮለኝና ሳላጥበው ተኮስኩት። ቀለሙ በሙቀቱ ጨርቁ ላይ ቀረ፤ ባጥበው ባጥበው አልለቀቀም። አምስቱን ማታ እስከ ሌሊት እየተቀመጥኩ እንደገና ሠራሁት፣ በቀኑም ላክሁት። አንተ መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውሃ አጥበህ ምልክቱ ሙሉ በሙሉ መጥፋቱን እይ። ከዚያ ፎጣ ላይ በፊቱ ደፍተህ ከጀርባ ተኩሰው፤ ስፌቱ አይደፈጠጥም። በሙቀት የሚጠፋውን እስክሪብቶ ለስጦታ አልመክርም፤ ብርድ ሲያገኘው ምልክቱ ተመልሶ ይወጣል። ቀይና ጥቁር ሰማያዊ ክር ካለህ ሳትጠልፍበት በፊት በእርጥብ ነጭ ጨርቅ ጫን ጫን አድርገህ ቀለም መልቀቁን ሞክር።

ስትልክ አትጠፈው። ንጹሕ ወረቀት ላይ ዘርግተህ፣ ጥልፉን ወደ ውጭ አድርገህ ጠቅልለውና በካርቶን ቱቦ ላከው። መርፌ ተሰክቶበት እንዳይቀር ሁለቴ ፈትሽ። ከውስጥ የተጠቀምክባቸውን የክር ቁጥሮችና የአስተጣጠቡን ነገር በአጭሩ ጽፈህ ጨምር፤ ስምህንም ጻፍ።

«ማን ጠለፈው?»

ይጠይቁሃል። «ባለቤትህ ናት?» ይሉሃል። «እኔ ነኝ» በል፤ ይበቃል። እኔ በምሠራበት ቦታ ሰው ሲያውቅ አንዱ ባልደረባዬ ከልቡ ገርሞት ጠየቀኝ፣ እኔም ስለ እንግሊዛዊው ሻለቃ አሌክሲስ ካስዳግሊ ነገርኩት። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በጀርመኖች እጅ ምርኮኛ ሳለ እ.ኤ.አ. በ1941 ክሮስ ስቲች ጠለፈ። በዳርና ዳሩ ጌጥ የሚመስል ነጥብና ሰረዝ አለ። በሞርስ ኮድ፣ ፊደልን በነጥብና በሰረዝ በሚጽፈው ምልክት፣ ሲነበብ «እግዚአብሔር ንጉሡን ይጠብቅ» የሚል ነው፣ ሌላኛው መስመር ደግሞ በሂትለር ላይ የተወረወረ ስድብ። ጠባቂዎቹ ምን እንደሚል ሳያውቁ ግድግዳ ላይ ሰቀሉት። ከእሱ በፊትም በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት የቆሰሉ ከ100 በላይ ወታደሮች በየሆስፒታሉ ተኝተው የለንደኑን የቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል የመሠዊያ ጨርቅ ጠልፈዋል። ባልደረባዬ ዝም ብሎ ሰማኝና በማግሥቱ የልጁን ስም እንድጠልፍለት ፊደሉን ጽፎ አመጣ። «ራስህ ብትሠራውስ?» አልኩት። አሁን የሰንሰለት ስፌት ይችላል፤ በሚቀጥለው ዕጣ ስሙ አለ።

እኔ በዚያ በመጀመሪያው ልውውጥ የደረሰኝ የመርፌ ማስቀመጫ ነው። ግራጫ ጨርቅ ነው፣ ክዳኑ ላይ የአውራ ጣቴን የምታህል የእንግሊዝ ቁልፍ በብርማ ክር ተጠልፋለች። የላከልኝ ሰው የቀን ሥራዬን ጠይቆ ነበር። ገለበጥኩት፤ ከኋላው አንድም ቋጠሮ የለም። ከሥሩ በአንድ ነጠላ ጥቁር ክር ስሙን ጽፏል፣ የወንድ ስም።