የዋይፋይ ቻናል ስፋት፦ ሰው ደጋግሞ የሚሳሳትባቸው ነገሮች

ልደታ ወይም ካዛንቺስ ካለ ኮንዶሚኒየም «ዋይፋዩ ይቆራረጣል» ተብዬ ስጠራ፣ ገና ደረጃውን ሳልወጣ ጥፋቱን እገምታለሁ። የ2.4 ጊጋኸርዙ ቻናል (ራውተሩ አየር ላይ የሚይዘው መስመር) ስፋት 40 ሜጋኸርዝ ተደርጓል። ማን ነካው? ወይ የአክስት ልጅ ነው፣ ወይ ቪዲዮ አይተው ራሳቸው።

እስቲ ይህቺን አንዴ በደንብ ላውራት። የ2.4 ባንድ፣ ማለትም ቻናሎቹ የሚደረደሩበት የሞገድ ክልል፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ 83 ሜጋኸርዝ ገደማ ነው። ቻናሎቹ ከ1 እስከ 13 ቢቆጠሩም በመሃላቸው 5 ሜጋኸርዝ ብቻ ስላለ ይደራረባሉ። ሳይነካኩ አብረው የሚሠሩት 1፣ 6 እና 11 ናቸው። 40 ስታደርጉት ራውተራችሁ ግማሽ ያህሉን ባንድ ለብቻው ይይዛል። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ደግሞ ከላይም፣ ከታችም፣ ከጎንም ራውተር አለ። ዋይፋይ ከመላኩ በፊት አየሩን ያዳምጣል፤ ከተያዘ ይጠብቃል። ስለዚህ በሰፋችሁ ቁጥር ወረፋ የምትጠብቁት ጎረቤት ይበዛል። ሚኒባስ ላይ እግሩን ከፍቶ የሁለት ሰው ቦታ የያዘ ተሳፋሪ ቶሎ አይደርስም፤ ሁሉም ይገፋዋል እንጂ። 2.4ን 20 ላይ አድርጉት፣ አለቀ።

«ግን ስልኬ ላይ ፍጥነቱ ጨምሮ ያሳያል» የሚል አይጠፋም። የጨመረው ስልኩና ራውተሩ የተስማሙበት ቁጥር ነው። የገዛችሁት ፓኬጅ 10 ሜጋ ከሆነ ኢንተርኔቱ ከ10 አያልፍም። ተራ ስልክ በ20 ሜጋኸርዝም እስከ 72 ሜጋ ድረስ ይገናኛል። ታዲያ ማስፋቱ ለምን?

ስፋቱን ራውተሩ ራሱ እንዲመርጥ የሚተወውን «ኦቶ» ማመንም ሌላው ስህተት ነው። ጎረቤት ሲበዛ ወደ 20 መውረድ ነበረበት፤ ብዙ ራውተር ግን አይወርድም። በእጃችሁ ቆልፉት።

ከ1 እና ከ6 ልሽሽ ብሎ ቻናል 3 የሚመርጥ አለ። ሁለቱንም ይረብሻል፣ በሁለቱም ይረበሻል።

አሁን ወደ 5 ጊጋኸርዝ። እዚህ ቦታ ሰፊ ነው፣ 80 ብታደርጉ ቅር አይለኝም። ከ36 እስከ 48 ያሉት አራቱ ቻናሎች ተደምረው ልክ 80 ይሆናሉ። ችግሩ 160 ሲደረግ ነው። ፒያሳ አንድ የፎቶ ኮፒ ቤት ባለቤት «መብራት ሲመጣ ዋይፋዩ ይጠፋል» ብሎ ጠራኝ። ራውተሩ ላይ መብራቶቹ በርተዋል፣ ስልኩ ላይ ግን የ5 ጊጋው ስም የለም። ደንበኞች ፍላሽ ይዘው ቆመዋል። ትንሽ ቆይቶ ስሙ በራሱ ብቅ አለ። 160 ብዙ ጊዜ ከራዳር ጋር የሚጋሩ ቻናሎችን ይነካል። በእነሱ ላይ ራውተሩ ከመጀመሩ በፊት ቢያንስ 1 ደቂቃ ራዳር መኖር አለመኖሩን ያዳምጣል። መብራት በሄደና በመጣ ቁጥር እንደገና ከዜሮ ይጀምራል። 80 አድርጌ 36 ላይ አስቀመጥኩት፤ ከዚያ ወዲያ አልደወለም።

ሰፊ ቻናል ሩቅ እንደማይደርስም አትርሱ። ስፋቱ በእጥፍ ሲጨምር ራውተሩ የሚሰማው ጫጫታም በእጥፍ ይጨምራል። ሳሎን ጥሩ ሆኖ ሁለት ግድግዳ አልፎ መኝታ ቤት ከደከመ፣ 80ውን ወደ 40 አውርዳችሁ ሞክሩ። ራውተሩን ቁምሳጥን ውስጥ ከደበቃችሁት ግን ስፋቱን አትውቀሱ።

ሰቲንጉን ከመንካታችሁ በፊት ገጹን በስልክ ፎቶ አንሱት። ይህንን ስንት ጊዜ እንደምናገር!

በመጨረሻ፣ ሌሊት ሞክሮ «አሪፍ ሆነ» ማለት። ጎረቤት ሲተኛ ማንኛውም ስፋት አሪፍ ነው። ከምሽቱ 2 ሰዓት አካባቢ፣ ሕንፃው ሁሉ ቪዲዮ ሲከፍት፣ በምትጠቀሙበት ክፍል ተቀምጣችሁ ለኩት።