ከአሉሚኒየም ጀልባ ላይ የማይለቅ የባርናክል ምልክት፦ ችግሩና መፍትሄው

ጀልባው ከውሃ ወጥቷል፣ ገጹ ላይ የተጣበቀው ባርናክል የተባለ ባለ ቅርፊት የባህር እንስሳም ተፍቋል። ነጫጭ ክብ ምልክቶቹ ግን አሁንም አሉ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ትዕግስቱ ያልቅና የሽቦ ብሩሽ ወይም ኃይለኛ አሲድ ያነሳል። እባክዎ አያንሱ። አሉሚኒየምን ከባህር ውሃ የሚጠብቀው ራሱ በላዩ የሚሠራው እጅግ ስስ የኦክሳይድ ሽፋን ነው። ጀልባን ከባርናክሉ ይልቅ የማጽጃ ስህተት ሊጎዳው ይችላል።

መጀመሪያ ምልክቱን ይለዩ። ጥቂት አቼቶ ጠብ ያድርጉበትና በቅርብ ይመልከቱ። አረፋ ካወጣ ኖራ ነው፤ ማለትም የባርናክሉ ቅርፊት ቅሪት። ዝም ካለ ሌላ ነገር ነው።

ሻካራ ነጭ ክብ፣ አቼቶ ሲነካው አረፋ የሚያወጣ

ባርናክል ከሸርጣን ወገን የሆነ የባህር እንስሳ ነው። በጠንካራ ሙጫ ይጣበቅና ካልሲየም ካርቦኔት የሆነ ቅርፊት ይሠራል። ቅርፊቱ ሲነሳ ብዙ ጊዜ መሠረቱ ብረቱ ላይ ይቀራል።

በአቼቶ የተነከረ ጨርቅ ይለጥፉበት። እንዳይደርቅ በላስቲክ ይሸፍኑት። ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ቆይተው በናይለን መፈግፈጊያ ይሹት፤ ከዚያ በብዙ ንጹህ ውሃ ያጠቡ። አንዴ ካልበቃው ይድገሙት። ትዕግስት ከጉልበት የተሻለ ይሠራል። ግትር ለሆነው በፎስፎሪክ አሲድ የተሠራና ለአሉሚኒየም ተብሎ የተዘጋጀ ማጽጃ አለ። ጓንትና የዓይን መከላከያ ያድርጉ፣ በማይታይ ቦታ ይሞክሩት፣ ፀሐይ ላይ እንዲደርቅ አይተዉት።

ሃይድሮክሎሪክ አሲድና ኮስቲክ ሶዳ አሉሚኒየሙን ራሱን ይበሉታል። የምድጃ ማጽጃም ብዙውን ጊዜ ኮስቲክ ሶዳ አለበት። የብረት ሽቦ ደግሞ ብናኝ ትቶ ያልፋል፤ ብናኙ ይዝጋል፣ አሉሚኒየሙንም ያስበላዋል። በረኪናን ከአሲድ ጋር በፍጹም አይቀላቅሉ፤ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል፣ እሱም ሳንባ ይጎዳል።

ለሚቀጥለው ጊዜ፦ ጀልባው ከውሃ እንደወጣ፣ ገና እርጥብ ሳለ በፕላስቲክ ወይም በእንጨት መፋቂያ ይፋቁት። ከደረቀ በኋላ ሥራው እጥፍ ነው።

ነጭ ዱቄት፣ ከሥሩ ጉድጓድ

አቼቶው ዝም ካለና ሲጠርጉት ትናንሽ ጉድጓዶች ከታዩ፣ ይህ እድፍ አይደለም። ብረቱ እየተበላ ነው። በጣም የሚያሳስበኝም ይኸኛው ነው። ባርናክሉ ሥር ኦክስጅን ስለማይደርስ መከላከያው ሽፋን ሲጎዳ ራሱን መጠገን ይቸግረዋል። የተበላው ቦታ ብዙ ከሆነ ግን ሌላም ምክንያት ይፈልጉ፦ ያለቀ አኖድ (በጀልባው ፈንታ ራሱ እንዲበላ የሚታሰር የብረት ቁራጭ)፣ መዳብ ያለው ቀለም፣ ወይም ከባትሪ መስመር የሚያፈተልክ ኤሌክትሪክ። ግማሹ ያለቀ አኖድ ይቀየር። ጥልቅ ጉድጓድ ካለ አሉሚኒየም የሚበይድ ባለሙያ ይየው። በመሙያ ደፍኖ ቀለም መቀባት ጉዳቱን መደበቅ ነው።

በውሃው መስመር ላይ ቡናማ ወይም ቢጫ እድፍ

ይሄ ቀላል ነው። ከአልጌና ከበሰበሰ ቅጠል የሚመጣ ቀለም ነው። ኦክሳሊክ አሲድ ያለው የጀልባ ማጽጃ ያስለቅቀዋል። ጓንት አይርሱ፣ በደንብም ያጠቡ።

ሲዳሰስ ልስልስ፣ ሲታይ ግን ጥላ ያለው ክብ

ኖራው ሄዷል። የቀረው በባርናክሉ ተሸፍኖ የነበረው ብረት ከአካባቢው የተለየ መልክ መያዙ ነው። ጉዳት የለውም። ጀልባው የሚቀባ ከሆነ ይተዉት። የማይቀባ ከሆነ ሰፋ ያለውን ገጽ በሙሉ በአሉሚኒየም ፖሊሽ ያሹ፤ ክቡን ብቻ ካሹት የሚያብረቀርቅ ነጥብ ይተካዋል።

ከመቀባትዎ በፊት

ኦክሳይዱ ወዲያው ስለሚመለስ ገጹን በብርጭቆ ወረቀት እንዳሹ ለአሉሚኒየም የሚሆነውን ፕራይመር (ከዋናው ቀለም በፊት የሚቀባውን) ሳይዘገዩ ይቀቡ። የላይኛው ፀረ-ባርናክል ቀለም ኩፕረስ ኦክሳይድ (የመዳብ ውህድ) የሌለበት ይሁን፤ ጣሳው ላይ ያንብቡ። አኖዱን ግን በወረቀት ሸፍነው ይለፉት፤ ከተቀባ አይሠራም።