ልጃችሁ ኪታ አሌፍ ሲገባ

ሴፕቴምበር 1 ሲቃረብ ስልኬ አያርፍም። የሚደውሉት በቅርብ ዓመታት ከጎንደርና ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል የመጡ እናቶች ናቸው። ልጃቸው ማምላኽቲ ዳቲ፣ ማለትም የመንግሥት ሃይማኖታዊ ትምህርት ቤት፣ አንደኛ ክፍል (ኪታ አሌፍ) ሊገባ ነው። ሦስቱን ልጆቼን እዚህ ነታንያ በእንዲህ ዓይነት ትምህርት ቤት ስላስተማርኩ፣ በስልክ የምላቸውን ልጻፈው።

መጀመሪያ ቀላል ቀላሉን። ሳምንቱ እሑድ ይጀምራል። ዓርብም ትምህርት አለ፣ ግን ቀደም ብሎ ያልቃል። ለወንድ ልጅ ኪፓ (ትንሿ የራስ ቆብ) እና ጺጺት (ዘርፍ ያለው ልብስ)፣ ለሴት ልጅ ቀሚስ ያስፈልጋል። ነጭ ሸሚዝ ሁለት ግዙ። ለሮሽ ሆዴሽም (ለወሩ መባቻ)፣ ለዝግጅትም፣ ለመታሰቢያ ቀንም ነጭ ነው የሚባለው፤ አንዱ ሁልጊዜ ልብስ ማጠቢያው ውስጥ ነው። ለረፋዱ ምግብ፣ ለአሩሐት ኤሴር፣ ሥጋ አትላኩ። ዳቦ በአይብ ወይም በእንቁላል፣ ከጎኑ ካሮት ወይም ኪያር፣ ይበቃል። ክፍሉ ውስጥ ኦቾሎኒ የማይስማማው ልጅ ካለ ባምባም፣ ያ የኦቾሎኒ መክሰስ፣ አይገባም።

በዓመቱ ውስጥ መሲባት ሲዱር አለ። ልጆቹ የመጀመሪያ የጸሎት መጽሐፋቸውን በዝግጅት የሚቀበሉበት ቀን ነው። ፈቃድ ጠይቃችሁ ሂዱ። አባትም ይሂድ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። የወላጆች ቀን ሲደርስ ልጁን አስተርጓሚ አድርጋችሁ አትግቡ። ከመምህርቷ ጋር የምትቀመጡት ለጥቂት ደቂቃ ነው። የሰባት ዓመት ልጅ ስለ ራሱ ጥፋት እንዴት አድርጎ ይተርጉም? ወይ ይደብቃል፣ ወይ ያፍራል። ቤት ሲገባ ደግሞ ነገሩን የሚያውቀው እሱ፣ የማያውቀው አባቱ ይሆናል። ይሄ ቤት ያፈርሳል። ስለዚህ ቀደም ብላችሁ ለጽሕፈት ቤቱ ደውሉና «መጋሼሬት አለች?» በሉ። በእኛና በትምህርት ቤቱ መካከል ሆና የምታግባባ፣ ሁለቱንም ቋንቋ የምታውቅ ሠራተኛ ናት። ከሌለች የምታምኑትን ትልቅ ዘመድ ይዛችሁ ግቡ።

ስትገቡ ስለ ውጤት ብቻ አትጠይቁ። በዕረፍት ሰዓት ከማን ጋር ይጫወታል? ካልገባው እጁን ያወጣል? በሉ። ይሄኛውን አደራ እላለሁ። እኛ ትልቅ ሰው ሲናገር አንገታችንን ደፋ አድርገን መስማት ነው ያደግንበት፤ ልጆቻችንም ከቤት ይዘውት ይሄዳሉ። መምህርቷ ግን ዓይኗን የማያያትን ልጅ «አይከታተልም» ልትለው ትችላለች። የመካከለኛዋ ልጄ ሪፖርት ላይ «በክፍል ውስጥ አትሳተፍም» ተብሎ ተጽፎ መጣ። ያቺው ልጅ ዓርብ ማታ የሳምንቱን ፓራሻ፣ ማለትም የሳምንቱን የኦሪት ንባብ፣ ለአያቷ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ትተርክ ነበር፤ አያቷ ስታቋርጣት ትቆጣለች! ሄጄ ይህንኑ ለመምህርቷ ነገርኳት። እሷም ከፊት አስቀምጣ፣ በስሟ እየጠራች ትጠይቃት ጀመር። ለልጄም «መምህር መጠየቅ ድፍረት አይደለም» አልኳት፤ ደጋግሜ።

ያልገባችሁን ወረቀት አትፈርሙ። በተለይ ልጁን ወደ ልዩ ትምህርት ስለማዛወር የሚያወራ ከሆነ። ኮሚቴው ፊት የመቅረብና የመደመጥ መብት አላችሁ። «ቤት ወስጄ ላስነብበው» ማለት ነውር የለውም። ሊያጣድፏችሁ ቢሞክሩም ተረጋጉ።

በአይሁድ አቆጣጠር ሔሽዋን ወር በ29 የእኛ የቤተ እስራኤል በዓል ስግድ ነው። ክኔሴት (የእስራኤል ፓርላማ) በፈረንጆቹ 2008 በሕግ ብሔራዊ በዓል ስላደረገው ትምህርት ቤቶች ያስቡታል። ብዙ ጊዜ የሚጠይቋችሁ ዳቦና የሐበሻ ቀሚስ ነው። ዳቦውን ከመጋገራችሁ በፊት ጠይቁ፤ በካሽሩት (በአይሁድ የምግብ ሕግ) ምክንያት የቤት ምግብ የማይቀበሉ አሉ። ግን በዳቦ ብቻ አይለቅ። አያት ካሉ እሳቸው ይሂዱ። ጎንደር አጠገብ ባለችው አምቦበር መንደር ሕዝቡ ጾሞ ተራራ ሲወጣ፣ ቄሶቹ ኦሪቱን በግዕዝ ሲያነቡ፣ ስለ ኢየሩሳሌም ሲጸለይ፣ ከዚያ ወርዶ ሲበላና ሲጨፈር ይንገሯቸው። እዚህ ላይ ልጃችሁ ያስተርጉም፤ ስለ ራሱ ጥፋት ሳይሆን ስለ አያቱ ነውና ደስ እያለው ያደርገዋል። ከሳምንት በፊት ቤት ውስጥ አለማምዱት፣ ለመምህርቷም አስቀድማችሁ ንገሯት፤ ሰዓት ትመድብላችኋለች።