መስታወት ላይ ነጭ ነጥብ፦ ሶፍትነር (ውሃ ማለስለሻ) ያስፈልጋል ወይስ አያስፈልግም?

ጅማ፣ ሂርማታ አካባቢ፣ በጉድጓድ ውሃ የሚታጠብ የሕንፃ መስታወት ሲደርቅ ነጭ ነጥብ ይጥል ጀመር። ውሃው መጀመሪያ ከሚያልፍበት አርኦ ሜምብሬን (በግፊት ውሃውን አሳልፎ የሟሟውን ማዕድን የሚያስቀር ስስ ማጣሪያ) የሚወጣው ውሃ ቲዲኤስ (በሊትር ስንት ሚሊግራም የሟሟ ነገር እንዳለ የሚያሳይ ልኬት) ከ12 ወደ 48 ወጣ፤ ቀጥሎ ያለው፣ የተረፈውን ማዕድን የሚይዘው ዲአይ ሬዚንም ቶሎ ቶሎ ያልቃል።

መጀመሪያ ሬዚኑ ተቀየረ፤ አራት ቀን ሠርቶ ነጥቡ ተመለሰ። የደለል ማጣሪያውና ካርቦኑም ተቀየሩ፣ ለውጥ የለም። የሃርድነስ (በውሃ ውስጥ ያለ የካልሲየምና ማግኒዥየም መጠን) መለኪያ ወረቀት የጉድጓዱ ውሃ ውስጥ ሲነከር ግን በሊትር 280 ሚሊግራም አሳየ። ማንቆርቆሪያ ሥር የሚጋገረው ነጭ ቅርፊት ሜምብሬኑን ደፍኖታል ማለት ነው።

400 ግራም ሲትሪክ አሲድ በ20 ሊትር ንጹህ ውሃ ተበጥብጦ በዝቅተኛ ግፊት ለ45 ደቂቃ በሜምብሬኑ ውስጥ ዞረ፤ በደንብ ከታጠበ በኋላ ቲዲኤሱ 15 ላይ ወረደ። እንዳይመለስ 10 ሊትር ሬዚን የያዘ ሶፍትነር ከሜምብሬኑ በፊት ተገጠመ። በየ1,500 ሊትሩ በ1.5 ኪሎ ጨው ይታደሳል። የአፍዴራ ጨው ይሠራል፤ አሸዋ ካለው ግን ሟሙቶ በጨርቅ ይጠለል። ከእድሳት በኋላ የሚፈሰው ውሃ ጨው ጨው ማለቱን እስኪተው ወደ ሜምብሬኑ አይለቀቅ።

ሶፍትነር ቲዲኤስ አይቀንስም፤ ካልሲየምና ማግኒዥየምን በሶዲየም ይተካል እንጂ። ስለዚህ ያለ አርኦ በዲአይ ብቻ ለሚሠራ ሰው ገንዘብ ማባከን ነው፤ የዲአይ ሬዚኑን ሶዲየሙም ይጨርሰዋል። ክረምት ላይ ደግሞ ከጣሪያ የተጠራቀመ የዝናብ ውሃ ደለሉ ከተጣራ ያለ ሶፍትነር ይበቃል፤ ጅማ ላይ ዝናብ መቼ ጠፍቶ!